የተመለሰው ዕቃ ሁሉ የተበላሸ አይደለም
በመኪና ቴፕና በድምፅ ማጉያ ላይ ስለሚሰማ ጩኸት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጎብዬን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ሚኒባሶች፣ የጭነት መኪናዎችና ባጃጆች መካከል ቴፕ የሌለው ጥቂቱ ነው። ሾፌሩ የራያን ቆላ ሙቀትና አቧራ በሙዚቃ ይገፋዋል፤ ተሳፋሪውም ዜና ይሰማበታል። ስለዚህ ስፒከር፣ አምፕሊፋየርና የድምፅ ገመድ ለባለ ሱቅ ከመደርደሪያ ቶሎ የሚነሡ ዕቃዎች ናቸው። ቶሎ ተመልሰው የሚመጡትም እነዚሁ ናቸው።

ገዢው ዕቃውን ባስገጠመ በሦስተኛው ቀን ብቅ ይልና «ያፏጫል፤ ቀይርልኝ» ይላል። ባለ ሱቁ እንቢ ቢል ደንበኛውን ያጣል፤ እሺ ቢል ዕቃውን አሽጎ፣ የጭነት ከፍሎ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ አስመጪ ይልከዋል። አስመጪው በጠረጴዛው ላይ በባትሪ ሲሞክረው ድምፁ የጠራ ይሆናል፤ ስለዚህ ነቀፌታ የተጻፈበት ደብዳቤ አያይዞ ይመልሰዋል። እንዲህ ባለው ክርክር ሦስቱም ይከስራሉ፤ ሦስቱም ግን አልዋሹም። በጠረጴዛ ላይ ሞተር የለም፤ ጩኸቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው ከሞተሩና ከገመዱ አዘረጋግ ነው።

ችግሩ ከመኪና ሬድዮ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ፖል ጋልቪን የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ በኋላ ሞቶሮላ የተባለውን ሬድዮ በራሱ መኪና ላይ አስገጥሞ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የዘመኑን ሠራተኞች ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ከካንዴላው የሚነሣው የእሳት ብልጭታ በሬድዮው ውስጥ የሚያሰማው መንጣጣት ነበር። የዛሬው መኪና በዚያ ላይ ሌላ ምንጭ ጨምሯል፤ ይኸውም ብዙ ሰው ዲናሞ የሚለው አልተርኔተር ነው። አልተርኔተሩ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ዳዮዶች እየተጣራ ወደ ባትሪው ይገባል። ይሁን እንጂ ማጣሪያው ፍጹም ስላልሆነ ጥቂት ሞገድ ይቀራል፤ ይህም በስፒከር ሲወጣ ፉጨት ይሆናል።

እንግዲህ ባለ ሱቁ ዕቃውን ከመቀበሉ በፊት መኪናውን በሱቁ ደጃፍ አስቁሞ ሊመረምር ይገባዋል። ሥራው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በመጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ ቴፑ ብቻ ይከፈት። በዚህ ጊዜም «ሽሽ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ጥፋቱ የአልተርኔተር አይደለም፤ ምናልባት የአምፕሊፋየሩ ጌይን ከመጠን በላይ ተከፍቷል፣ ወይም ዕቃው በእርግጥ ተበላሽቷል። ጌይን የድምፅ ከፍታ መጨመሪያ የሚመስላቸው ገጣሚዎች ብዙዎች ናቸው፤ ሥራው ግን አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ኃይል ጋር ማስማማት ነው። ቴፑ እስከ ሦስት አራተኛው ተከፍቶ፣ ጌይኑ ድምፁ መሻከር እስከሚጀምርበት ድረስ ይከፈትና ጥቂት ወደ ኋላ ይመለስ።

ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨቱ አብሮ የሚቀጥን ከሆነ ምንጩ አልተርኔተሩ ነው። ከዚያ ድምፁን እስከ ዜሮ መቀነስ ያስፈልጋል። ፉጨቱ እንዳለ ከቆየ የገባው ከድምፅ መቆጣጠሪያው በኋላ ነው፤ ማለትም በቴፑና በአምፕሊፋየሩ መካከል ባለው ገመድ ወይም በራሱ በአምፕሊፋየሩ በኩል ነው። አብሮ ከቀነሰ ግን ከስልኩ፣ ከአንቴናው ወይም ከቴፑ መጥቷል። ቀጥሎ መኪናው ይጥፋና የድምፅ ገመዱ ከአምፕሊፋየሩ ይነቀል፤ እንደገና ሲነሣ ፉጨቱ ከጠፋ አምፕሊፋየሩ ከክሱ ነጻ ነው። በሬድዮ ብቻ የሚሰማ ጩኸት ሲሆን የአንቴናው ሥር ዝጎ እንደሆነ ይታይ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው፣ በናፍጣ ሚኒባስ ላይ «የካንዴላ ድምፅ ነው» የሚል ገጣሚ ቢገኝ ቃሉን አለመቀበል ነው። ባጃጅ ግን የቤንዚን ስለሆነ እንዲህ ያለው ጥርጣሬ ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ጥፋት የማሳ ነው። ቴፑ ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ወንበር ሥር በተለያየ ብረት ላይ ማሳ ሲታሰሩ፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ጥቂት የቮልት ልዩነት በድምፅ ገመዱ በኩል ይሄድና ጩኸት ይፈጥራል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፍቆ፣ አጭርና ወፍራም ገመድ በብሎን ማጥበቅ ነው። የወንበር ብሎን ለዚህ አይታመንም። ሞተሩ እየሠራ ሙዚቃውም ከፍ ብሎ ሳለ፣ የቮልት መለኪያው አንዱ ጫፍ በአምፕሊፋየሩ ማሳ፣ ሌላው በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሲደረግ ንባቡ ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት፤ ግማሽ ቮልት ካሳየ ማሳው ተበላሽቷል። የኃይሉ ገመድም በመኪናው አንድ ጎን፣ የድምፁ ገመድ በሌላው ጎን ይለፍ፤ መገናኘት ግድ ከሆነባቸውም መስቀለኛ ሆነው ይተላለፉ።

እዚህ ላይ የአስመጪዎችም ድርሻ አለ። በገበያው ላይ መዳብ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ይገኛል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እውነተኛ 300 ዋት የሚያወጣ የተለመደ አምፕሊፋየር ግማሹን ኃይል በሙቀት ስለሚያባክን እስከ 43 አምፔር ሊስብ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ጭነት ቀጭን የአሉሚኒየም ገመድ ሲሸከም ድምፁ ይሻከራል፣ ገመዱም ይግላል። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ካልገባ መኪናው ሊቃጠል ይችላል። አንዱን ክር በቢላዋ ፍቆ ማየት በቂ ነው፤ ነጭ ከሆነ መዳብ አይደለም። በካርቶን ላይ «1000 ዋት» የሚል ጽሑፍም በፊውዙ ይፈተናል፤ የፊውዙ አምፔር በ14 ሲባዛ የሚገኘው ዋት ዕቃው ከባትሪ ሊስብ የሚችለው ሙሉ ኃይል ነው። ባለ 10 አምፔር ፊውዝ 140 ዋት ስቦ 1000 ዋት አያወጣም።

ጩኸት ማጥፊያ ተብሎ የሚሸጠው ማጣሪያ አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፤ ነገር ግን አንድ ዳዮድ ተቃጥሎ ፉጨቱ በድንገት የበረታ እንደሆነ፣ ማጣሪያው በሽታውን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። ባትሪው በሚገባ አይሞላም፤ ሾፌሩም ሌሊት መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ላለው ደንበኛ ማጣሪያ ከመሸጥ ወደ አውቶ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መላክ ይሻላል።

የጭነት መኪና የራሱ ጣጣ አለው። ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎላቸው በ24 ቮልት የሚሠሩ ሲሆን፣ ባለ 12 ቮልቱን ቴፕ ከአንዱ ባትሪ ብቻ የሚያስሩ ገጣሚዎች አሉ። አንዱ ባትሪ ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ሌላው ይራባል፤ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል። የሚገባው ከ24 ወደ 12 ቮልት መቀነሻ ነው። ርካሹ መቀነሻ ራሱ ሬድዮውን ስለሚረብሸው፣ ባለ ሱቁ ከመሸጡ በፊት አጠገቡ ሬድዮ ከፍቶ ቢሞክረው መልካም ነው። ስልክ በመኪናው እየተሞላ በገመድ ከቴፑ ጋር ሲያያዝ የሚሰማው ፉጨትም የማሳ ጉዳይ ነው፤ ቻርጀሩን ነቅሎ ማየት ነው።

ዕቃውን ወደ አዲስ አበባ መላክ ግድ ሲሆን፣ በመመለሻው ወረቀት ላይ አራት ነገር ይጻፍ፤ የመኪናው ዓይነትና ቮልት፣ ጩኸቱ ሞተሩ ጠፍቶ ይሰማ እንደሆነ፣ ድምፁ ዜሮ ሲሆን ይቀር እንደሆነ፣ የድምፅ ገመዱ ሲነቀል ምን እንደ ሆነ። አስመጪውም እነዚህ እንዲሞሉ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ነው። እነርሱ አልተርኔተር የላቸውም፤ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪያቸው ከትልቁ ባትሪ በመቀነሻ ይሞላል። ነዳጅ ሲሰጥ አብሮ የሚቀጥነው የአልተርኔተር ፉጨት በእነዚህ ላይ የለም፤ ሆኖም የሞተሩ ኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ መካከለኛ ሞገድን ስለሚረብሽ አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህን ሞገድ ከሬድዮአቸው አውጥተውታል። ዜና በመካከለኛ ሞገድ ለሚያዳምጥ ደንበኛ መኪና የሚያስመጣ ሰው ይህንን ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ።