ፌርማን ያሳሳተው ቁጥር

4,294,967,297 ሠላሳ ሁለት ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ በውጤቱ ላይ 1 በመደመር የሚገኝ ሙሉ ቁጥር ነው። በሒሳብ ታሪክ ስሙ የሚነሳውም በትልቅነቱ ሳይሆን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የሕግ ባለሙያና የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፌርማ ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ በማመኑ ነው። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ሙሉ ቁጥር የሌለው ነው።

እምነቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ከ2 ተነስቶ እያንዳንዱን ውጤት በራሱ በማባዛት 2፣ 4፣ 16፣ 256 እና 65,536 ይገኛሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ሲደመር የሚወጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ደግሞ አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ስድስተኛው 4,294,967,297 ሲሆን፣ ፌርማ ተርታው በዚያው እንደሚቀጥል ቢገምትም ማረጋገጫ አላቀረበም። ክርስቲያን ጎልድባህ በ1729 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን በደብዳቤ ያነሳለት ሊዮናርድ ኦይለር በ1732 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ።

አካፋዩን በዘፈቀደ የሚፈልግ ሰው ከ65,536 በታች ያሉትን ከ6,500 የሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ሊኖርበት ይችላል። ነገር ግን ኦይለር በኋላ እንዳረጋገጠው፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር ከ64 ብዜቶች በአንዱ ላይ 1 በመደመር የሚገኝ መሆን ስላለበት፣ ተሞካሪዎቹ በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ይሆናሉ፤ ይኸውም አምስተኛው ሙከራ ላይ ይደረሳል ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍለጋ የሚረዳውን መሠረታዊ ሕግ ያገኘው ራሱ ፌርማ መሆኑ ስሕተቱን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል።

ከሁሉም የሚያምረው ግን ረጅሙን የማካፈል ሥራ ጨርሶ የሚያስቀረው ማረጋገጫ ነው። 641 በአንድ በኩል 5 × 128 + 1፣ በሌላ በኩል 625 + 16 ነው። ከመጀመሪያው 640⁴ = 625 × 2²⁸ መሆኑ ይገኛል፤ በ625 ምትክ 641 − 16 ሲገባ ደግሞ 640⁴ = 641 × 2²⁸ − 2³² ይሆናል። ስለዚህ 2³² + 1 ከ641 × 2²⁸ ላይ 640⁴ − 1 ተቀንሶ የሚቀረው ነው። 640⁴ − 1 በ640 + 1፣ ማለትም በ641፣ ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ ልዩነቱም የግድ በ641 ይካፈላል።

ከዚህ ቁጥር 2 ሲቀነስ የሚገኘው 4,294,967,295 የአምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች የ3፣ የ5፣ የ17፣ የ257 እና የ65,537 ብዜት ነው። ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ከ1796 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባካሄደው ጥናት መሠረት፣ ይህን ያህል እኩል ጎኖችና እኩል ማዕዘኖች ያሉት ቅርጽ፣ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ፣ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊነደፍ ይችላል። የጎኖቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነና በዚህ መንገድ እንደሚነደፉ ከሚታወቁ ቅርጾች ሁሉ የሚበልጥ ብዙ ጎን ያለው እርሱ ነው፤ ከ65,537 በኋላ በፌርማ ተርታ ውስጥ አንድም ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስካሁን አልተገኘምና።