ታሪካችንን ማን ይንገርልን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ፍላቂት ውስጥ ከምናስተምራቸው ወጣቶች ጥቂቶቹ አንድ ቀን «በስልካችን አጭር ፊልም ልንሠራ ነው» ብለው መጡ። ታሪኩ ፈቃዷ ሳይጠየቅ ስለታጨችና ከትምህርት ገበታዋ ስለቀረች ልጃገረድ ነው። ወሬው እንደተሰማ አንድ ወላጅ «ገመናችንን አደባባይ ልታወጡ ነው?» ሲሉ ተቆጡ። እኛም ለጊዜው መልስ አጣን። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን ያ ዝምታችን ነው።

ፊልም ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ልጆቻችንን የሚያበላሽ ነገር ብቻ ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም አንልም። ሆኖም ከልክሎ መቀመጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የራሱን ታሪክ ያልተናገረ፣ ሌላው የተናገረለትን ሲሰማ ይኖራል።

በሐለብ ተወልደው በአሜሪካ የሲኒማ ሙያ የተማሩት ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 «አር-ሪሳላ» የተባለውን ፊልም አቀረቡ። ገንዘቡ የተገኘው ከዐረብ አገሮች ነበር። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምስልም ሆነ ድምፅ በፊልሙ ውስጥ የለም። አንዱ ትዕይንት በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ተዋንያን ሁለት ጊዜ ይቀረጽ ነበር። ሥራው ሞሮኮ ላይ ሲስተጓጎል ጓዛቸውን ይዘው ሊቢያ ሄደው ጨረሱት። ዑለሞች በፊልሙ ላይ የተለያየ አቋም ቢይዙም፣ ሰሓቦች በአገራችን ንጉሥ በነጃሺ ፊት የቆሙበትን ታሪክ ለብዙ አገር ተመልካች አድርሷል።

ከራሳችን አገር ልጆች ደግሞ ጎንደር የተወለዱት ኃይሌ ገሪማ አሉ። በአሜሪካ ተማሪ ሳሉ፣ አብዮቱ በፈነዳበት ወቅት አገር ቤት ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ፊልሙ በባለመሬት ሥር የሚማቅቅ የገበሬ ቤተሰብን ኑሮ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1993 የባርነትን ግፍ የሚተርከውን «ሳንኮፋ»ን ሲያቀርቡ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበልም አሏቸው። እርሳቸውና ባለቤታቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም። አዳራሽ እየተከራዩ፣ የየከተማውን ሕዝብ እያስተባበሩ ፊልሙን ራሳቸው አሳዩ።

ከሁለቱም የምንማረው፣ ፊልም የደቦ ሥራ መሆኑን ነው። ደራሲው፣ ተዋናዩ፣ ካሜራ የሚይዘው፣ ድምፅ የሚቀርጸውና የተቀረጸውን ቆራርጦ የሚያቀናብረው ሁሉ እኩል ያስፈልጋሉ። ምስሉ አምሮ ድምፁ የማይሰማ ፊልም ተመልካች ጥሎት ይሄዳል። አንዱ ሲሰንፍ የሁሉም ድካም ይባክናል።

የተቆጡት አባትስ ምን ይመለስላቸው? ሱረቱ ዩሱፍን እናስተውል። የወንድሞቻቸው ቅናት፣ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ጉድጓድ መጣላቸው፣ በሐሰት መወንጀላቸውና መታሰራቸው ሳይሸሸግ ተተርኳል፤ ፍጻሜው ደግሞ ይቅርታ ነው። ስለዚህ በደልን መናገር ሰውን ማዋረድ አይደለም። ልጃገረድ ሳትጠየቅ እንዳትዳር ያስተማሩንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ይህን በዲን ስም ስንሸሽግ የምንጎዳው ልጃችንንም ዲናችንንም ነው።

ይህም ሆኖ ድፍረት አደብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከወጣቶቹ ጋር ሦስት ነገር ተስማማን። የማንም ልጅ ስም፣ ፊትና ቤት እንዳይታወቅ፤ ጽሑፉን ከቀረጻው በፊት አንድ ዓሊም እንዲያዩት፤ እንዲሁም ፊልሙን አስቀድመው ወላጆች እንዲመለከቱት።

ወጣቶቹ የአባትየውን ቦታ እንዲጫወቱላቸው የለመኑት እኒያኑ የተቆጡትን ሰው ነው። እስካሁን እሺ አላሉም። ባለፈው ጊዜ ግን ጠርተዋቸው «ልጆቼ፣ ልጅቷ መጨረሻዋ ምን ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁ። ወጣቶቹም «እሱን ከእርስዎ ጋር ነው የምንጽፈው» አሏቸው።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ታሪክ ይዘው ሲመጡ በሩን አትዝጉባቸው። አብራችሁ ተቀመጡና አርሟቸው፣ አግዟቸው።

አላህ በበጎ ሥራ ላይ የምንተባበር ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።