ቤት የሚያድስ ተቋራጭን ስለ መምረጥ

በእንጅባራና በዳንግላ የሚነግድ ሰው ሱቁን ወይም መኖሪያውን ለማሳደስ ሲነሣ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ይሁን እንጂ የአዊ ክረምት የግንበኛን ስንፍና አይሸፍንም። በእንጨትና በጭቃ የቆመ ግድግዳ ከሥሩ ውሃ ከጠጣ፣ አዲስ ቆርቆሮና አዲስ ቀለም አያድኑትም፤ በሱቅማ ጨውና ስኳሩም አብሮ ይረጥባል። ስለዚህ ፈቃዱን ከመመልከት ሌላ፣ ተቋራጩ አድሶት ክረምት ያለፈበትን ቤት ሄዶ ማየትና ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ በሚናገረው ክፍል፣ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ከርክክቡ ጀምሮ 10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ የርክክቡም ቀን ካልተመዘገበ፣ ይህን መብት ማስረዳት ያስቸግራል። የመጨረሻው ክፍያ አንድ ከባድ ዝናብ ጣራውን እስኪፈትነው ድረስ እንዲቆይ በውሉ መስማማት ይገባል።