አንቲቦዲ «የለም» ሲል፦ ስለ ሲዲ4 ፕሮቲንና ስለ ፈላጊዎቹ

በሰው ደም ውስጥ ያሉት ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው፤ ሥራቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። አንዱ አንቲቦዲ ይሠራል፤ ሁለተኛው በቫይረስ የተያዘውን ሕዋስ ይገድላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱን በኬሚካል መልእክት ለሥራ ያነሣሣቸዋል። ይህ ሦስተኛው ረዳት ቲ ሕዋስ ይባላል። መልክ ካልለያቸው በምን ይለያሉ ቢባል፥ በገላቸው ላይ በተተከሉት ፕሮቲኖች ነው። የረዳቱ ዋና ምልክት ሲዲ4 የሚባለው ፕሮቲን ነው። በዚህ ጽሑፍ ሲዲ4 እንዴት እንደሚፈለግ፥ ፈላጊውም አንቲቦዲ «የለም» ብሎ ሲመልስ ቃሉ እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን እንመለከታለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለውን ፈላጊ ለማግኘት አንድ እንስሳ ይከተብና ከደሙ ሴረም ይወሰድ ነበር። ሴረም ግን የብዙ ዐይነት አንቲቦዲ ድብልቅ ነው። ከአንዱ ጥንቸል የተገኘው ከሌላው ጥንቸል ከተገኘው ጋር በትክክል አይስማማም፤ እንስሳው ሲሞትም ምንጩ ይደርቃል። በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን በካምብሪጅ ለዚህ መላ አገኙለት። ከተከተበች አይጥ ጣፊያ አንቲቦዲ የሚሠሩ ሕዋሳትን ወስደው ከካንሰር ሕዋሳት ጋር አዋሐዱ። ከውሕደቱ የተገኘው ሕዋስ ከካንሰሩ ያለ ማቋረጥ መባዛትን፥ ከጣፊያው ደግሞ አንድ የተወሰነ አንቲቦዲ መሥራትን ወረሰ። የአንዱ ሕዋስ ዘሮች ሁሉ የሚሠሩት ያንኑ አንድ አንቲቦዲ ስለ ሆነ ሞኖክሎናል ተባለ። በ1984 ሁለቱ ከኒልስ ዬርነ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

በ1979 በአሜሪካ የረዳቱን ሕዋስ የሚይዘው ኦኬቲ4 የተባለው አንቲቦዲ ታወቀ። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ለራሱ አንቲቦዲ የራሱን ስም ያወጣ ስለ ነበረ አንዱ ፕሮቲን በብዙ ስም ይጠራ ነበር፤ ተማሪ ሁሉ እንዴት ይደናገር እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። በ1982 በፓሪስ በተደረገ ጉባኤ ሲዲ እየተባለ በቍጥር መጥራት ተጀመረ፤ ሲዲ4 የሚለውም ስም ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንቲቦዲ ፕሮቲኑን በሙሉ አያይም፤ የሚይዘው አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ ነው። ሲዲ4 ከሕዋሱ ውጭ የሚወጡ አራት ክፍሎች አሉት። ኦኬቲ4 የሚይዘው ሦስተኛውን ሲሆን፥ ኦኬቲ4ኤ የተባለው ሌላው አንቲቦዲ ግን ከሁሉ ዳር ያለውን የመጀመሪያውን ይይዛል። በ1980ዎቹ በጃፓናውያንና በአሜሪካ ጥቍሮች መካከል ደማቸው በኦኬቲ4 ሲመረመር ረዳት ሕዋስ ፈጽሞ የሌላቸው የሚመስሉ ሰዎች ተገኙ። ሰዎቹ ግን ጤነኞች ነበሩ! በሌላ አንቲቦዲ ሲሞከር ሕዋሳቱ በቦታቸው ተገኙ። በ1991 የታተመ ጥናት በአፍሪካውያን ዘንድ ለሚዘወተረው ዐይነት ምክንያቱን ገለጠ፤ ይኸውም በፕሮቲኑ 240ኛ ቦታ አርጂኒን በነበረበት ትሪፕቶፋን መግባቱ ነው። ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው በኦኬቲ4 ምንም አይታይበትም፤ ከአንዱ ወገን ብቻ የወረሰው ግን በግማሽ ድምቀት ይታያል። እንግዲህ በአንድ አንቲቦዲ ብቻ የተመካ ሐኪም ጤነኛውን ሰው «የበሽታ መከላከያህ አልቋል» ሊለው ይችል ነበር፤ ይህ ደግሞ በዚያ በኤድስ ዘመን ቀላል ቃል አይደለም።

የቦታው ልዩነት ለሌላም ነገር ጠቅሟል። በ1984 በለንደንና በፓሪስ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች ኤች አይ ቪ ወደ ሕዋስ የሚገባው ሲዲ4ን ይዞ መሆኑን ያስረዱት በእነዚሁ አንቲቦዲዎች ነው፤ ፕሮቲኑ አስቀድሞ በአንቲቦዲ ሲሸፈን ቫይረሱ መግባት ተሳነው። ኋላ እንደ ተረጋገጠው ቫይረሱ የሚይዘው የመጀመሪያውን ክፍል ነው። ስለዚህ ኦኬቲ4ኤ ያግደዋል፤ ኦኬቲ4 ግን አያግደውም። ያም ሆኖ ኦኬቲ4 የሚጣል አይደለም፤ የቫይረሱ ፕሮቲን የመጀመሪያውን ክፍል በሸፈነው ጊዜ ሲዲ4ን ማየት የሚችል እርሱ ነው።

በቈጠራ ጊዜ አንቲቦዲው የሚያበራ ቀለም ይታሰርበታል፤ ሕዋሳቱም በፍሎው ሳይቶሜትር ውስጥ አንድ በአንድ በሌዘር ብርሃን ፊት ያልፋሉ። ሞኖሳይት የተባሉት ሕዋሳትም ጥቂት ሲዲ4 ስላላቸው፥ ከቲ ሕዋስ ጋር እንዳይደባለቁ ሲዲ3ን የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ በሌላ ቀለም ይጨመራል። ከ2015 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ቍጥሩ ሳይጠበቅ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ መድኀኒት እንዲጀምር ይመክራል፤ ሆኖም በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ከ200 በታች መውረዱ አሁንም የበሽታውን መክፋት ያመለክታል።

በአገራችንም በ1990ዎቹ መጨረሻ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከሆላንድ ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ የሲዲ4 ቍጥራቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ምናልባት ይህም የአንቲቦዲው አለማየት ይሆን? በእኔ አስተያየት አይመስልም። ጉድለቱ ጐልቶ የታየው ገና ከጠላት ጋር ባልተጋጠሙት ሕዋሳት ላይ ሲሆን፥ የተጋጠሙትና የተነሣሡት ግን በዝተው ነው የተገኙት። አንቲቦዲው ፕሮቲኑን ማየት ተስኖት ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ በሁሉም ላይ እኩል በታየ ነበር።