ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚያገረሽ የፊት ነርቭ ሕመም

የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርሰው አምስተኛው የራስ ነርቭ በደም ሥር ሲጫን፣ ጉንጭንና መንጋጋን እንደ መብረቅ የሚወጋ ሕመም ይነሣል። ፊት መታጠብ፣ ማኘክ፣ የጎሬ የማለዳ ነፋስ እንኳ ይቀሰቅሰዋል።

ሐኪም የራስ ቅልን ከፍቶ የደም ሥሩን ከነርቩ ቢያርቀውም፣ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ ያገረሻል። በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ጥናት መሠረት፣ ከዚህ ቀዶ ሕክምና 10 ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ፍጹም እፎይታ የነበራቸው ከ100 ሕሙማን 70 ያህሉ ናቸው። ያገረሸውም በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ያገረሸበት ሰው ድካሜ ሁሉ ከንቱ ሆነ አይበል፤ ከሁሉ ይልቅ ጤነኛ ጥርሱን አያስነቅል። ሕመሙ የጥርስ ስለሚመስል ብዙዎች ጥርሳቸውን አጥተዋል፤ ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም። ካርባማዜፒን የተባለው መድኃኒት ዳግመኛ ሊያስታግሰው ይችላል፤ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ቢያስከትል ግን በዚያው ቀን ለሐኪም መታየት ይገባል። ሕመምተኛው የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ይዞ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ይሂድ።