ቁናው ራሱ ሲዋዥቅ

እህል ሻጭ ቁናውን ካላመነ ገበያ መውጣቱ ከንቱ ነው። የኤክስሬይና የጋማ ጨረር ተመራማሪዎችም የሚያምኑት ቁና ነበራቸው፦ የሸርጣን ኔቡላ። ብርሃኑ ከዓመት ዓመት አይለወጥም ስለተባለ አዲስ መሣሪያ ህዋ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚፈተነው በእርሱ ነበር። የሌሎች የኤክስሬይ ምንጮች ድምቀትም «ሁለት ሸርጣን»፣ «ግማሽ ሸርጣን» እየተባለ ሲለካ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2010 ግን ቁናው ራሱ ዋዠቀ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያኑ ናቸው።)

ስሙ እንዳያሳስትዎ። በዐውደ ነገሥት ሸርጣን ራሱን የቻለ ኮከብ ነው፤ ይህ ኔቡላ ግን ያለው በሰውር (በበሬው) ነው። ሸርጣን ያሰኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሎርድ ሮስ አየርላንድ ውስጥ በቴሌስኮፑ አይቶ የሳለው ሥዕል ነው። በ1054 የቻይና ኮከብ ቆጣሪዎች ለ23 ቀናት በጠራራ ፀሐይ የታየ «እንግዳ ኮከብ» መዝግበው ነበር። እንግዳው የፈነዳ ኮከብ ነበር፤ ኔቡላው የዚያ ፍንዳታ ፍርስራሽ ሲሆን ከእኛ 6,500 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። መሐሉ ላይ የቀረችው ፑልሳር (እየተሽከረከረች የጨረር ምት የምትልክ የኮከብ ቅሪት) ስፋቷ ከአንድ ከተማ አይበልጥም፤ በሴኮንድ ግን 30 ጊዜ ትሽከረከራለች። ኔቡላውን የሚያበራው ከእርሷ የሚነፍሰው የቅንጣቶች ነፋስ ነው።

ጋማ ጨረርን ከባቢ አየር ስለሚውጠው መሣሪያው ወደ ላይ መውጣት አለበት። ጣሊያን በ2007 አጂሌ የተባለ፣ ናሳና አጋሮቹ በ2008 ፈርሚ የተባለ ሳተላይት አመጠቁ። መስተዋት ለዚህ ሥራ አይረዳም፤ ጋማ ያልፈዋል እንጂ አይነጥርበትም። ስለዚህ በሳተላይቶቹ ሆድ ውስጥ ስስ የተንግስተን ንጣፎች ተደርድረዋል። ጋማው ንጣፉን ሲመታ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ይለወጣል፤ የሲሊከን ዳሳሾች የሁለቱን መንገድ ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ጨረሩ ከየት እንደመጣ ይሰላል። ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ኮቴ ተከትሎ አውሬ መፈለግን ይመስላል።

አጂሌ ክብደቱ 350 ኪሎ ገደማ የሆነ ትንሽ ሳተላይት ነበር። በ2009 አቅጣጫውን የሚቆጣጠርለት መንኮራኩር ተበላሽቶበት እየተሽከረከረ ሰማዩን ለመቃኘት ተገደደ። እኔን የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ ወደ ፈለገበት ማነጣጠር ያቃተው ሳተላይት በመስከረም 2010 የሸርጣን ጋማ ከወትሮው ከእጥፍ በላይ መጨመሩን ቀድሞ አየ። በማርኮ ታቫኒ የሚመራው የአጂሌ ቡድን ይህን አስታወቀ፤ ፈርሚም ወዲያው አረጋገጠ። የቆየው መረጃ ሲፈተሽ በ2007 እና በ2009ም ተመሳሳይ ነበልባል ተገኘ። በሚያዝያ 2011 ደግሞ የኔቡላው ጋማ ከወትሮው 30 እጥፍ ያህል ደረሰ፤ በሰዓታት ውስጥም ይለዋወጥ ነበር።

ምስጢሩ እዚህች «በሰዓታት» የምትል ቃል ውስጥ ነው። ኔቡላው ከዳር እስከ ዳር 11 የብርሃን ዓመት ያህል ይሰፋል። በሰዓታት የሚደምቅና የሚደበዝዝ ነገር ግን ብርሃን በእነዚያ ሰዓታት ከሚጓዘው ርቀት እምብዛም ሊበልጥ አይችልም። እሳቱ የተነሳው ከአገር ሙሉ ቤት በአንዲት ጎጆ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ጨረሩ የሚወጣው በማግኔት መስክ ውስጥ ከሚጠመዘዙ ኤሌክትሮኖች ነው። ለዚህ የሚያስፈልጋቸው ኃይል በጄኔቫው ታላቅ የቅንጣት ማፍጠኛ ከሚገኘው ከ100 እጥፍ በላይ ነው። በተለመደው ስሌት ኤሌክትሮን እየፈጠነ ኃይሉን በጨረር ስለሚያባክን ጣሪያ አለው፤ ነበልባሉ ያንን ጣሪያ አልፏል። ብዙዎች የሚያዘነብሉት የማግኔት መስመሮች ተበጥሰው እንደገና ሲቀጠሉ የታመቀው ኃይል በድንገት ይለቀቃል ወደሚለው ማብራሪያ ነው። ቦታው ግን አልተለየም፦ የፑልሳሯ ምት አልተለወጠም፣ ቻንድራ የተባለው የህዋ ቴሌስኮፕ የኤክስሬይ ምስሎችም እሳቱ የነደደበትን ጎጆ አላሳዩም።

አጂሌ በየካቲት 2024 ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ተቃጥሏል። ሸርጣኑ ግን አሁንም በቦታው አለ፤ በታኅሣሥና በጥር ምሽት ከከተማ መብራት ራቅ ብለው አነስተኛ ቴሌስኮፕ ወደ ሰውር ደቡባዊ ቀንድ ጫፍ ቢያዞሩ ጭጋግ የመሰለ ደብዛዛ ነገር ያያሉ። ሸርጣኑ እርሱ ነው። ጋማውን ለፈርሚ ይተዉለት።