ሙዙን የሚያጠቁረው ጉዞ፦ የተሽከርካሪ አሞርዛተር እንዴት ይስተካከላል? እንዴትስ ይጠበቃል?

አርባ ምንጭ፦ ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ማሳዎች የሚነሣ ሙዝ አዲስ አበባ ገበያ እስኪደርስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጉዳቱ ግን ገና ከማሳው እስከ ዋናው መንገድ ባለው ኮረኮንች ላይ ሊጀምር ይችላል። ያልበሰለ ሙዝ በጉዞ ላይ ሲመታ ቁስሉ ወዲያው አይታይም፤ ሲበስል ግን ልጣጩ ይጠቁራል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ለዚህ ጉዳት ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ ያረጀ ወይም በአግባቡ ያልተስተካከለ የተሽከርካሪ አሞርዛተር ነው።

የጋሞ ዞን መልክዓ ምድር ለተሽከርካሪ ከባድ ፈተና ነው። የአርባ ምንጭ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ያለችው ጨንቻ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። የጨንቻን ፖም ጭኖ የሚወርድ መኪና በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ጠመዝማዛ ቁልቁለትን በፍሬን እየተጠበቀ ያልፋል። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውን የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ለመጎብኘት የሚሄድም በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለውን ድንጋያማ መንገድ መቋቋም ይኖርበታል።

አሞርዛተር ምን ይሠራል?

ብዙዎች የመኪናን ክብደት የሚሸከመው አሞርዛተር ይመስላቸዋል። ክብደቱን የሚሸከሙት ግን ባሌስትራውና ሞላው ናቸው። ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ባሌስትራው ወይም ሞላው ይታመቃል፤ ወዲያውም ያጠራቀመውን ጉልበት መልሶ ይለቃል። ይህን የሚገታ ነገር ከሌለ መኪናው ደጋግሞ ይነጥራል። አሞርዛተር የሚያስፈልገው ንጥረቱን ለማርገብ ነው።

በአሞርዛተር ውስጥ ዘይት የተሞላ ቱቦና በቱቦው የሚመላለስ ፒስተን አለ። ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎችና በቫልቮች በኩል ለማለፍ ይገደዳል፤ የእንቅስቃሴው ጉልበትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከረጅም የኮረኮንች ጉዞ በኋላ አሞርዛተር የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀቱ ሲበዛ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ከአየር ጋር ተደባልቆ አረፋ ከሠራ ደግሞ የማርገብ አቅሙ ይዳከማል። በጋዝ ግፊት የሚሠሩ አሞርዛተሮች የተፈለሰፉት ይህንኑ አረፋ ለመቀነስ ነው።

መቋቋሙ ሁለት አቅጣጫ አለው። ጎማው ወደ ላይ ሲገፋና አሞርዛተሩ ሲያጥር የሚታየው የመታመቅ መቋቋም ይባላል። ጎማው ወደ ታች ሲመለስና አሞርዛተሩ ሲረዝም ደግሞ የመዘርጋት መቋቋም ይሠራል። የመታመቅ መቋቋም ከልክ በላይ ከጠነከረ እያንዳንዱ ጠጠር ወደ ጭነቱና ወደ ተሳፋሪው ይተላለፋል፤ ጎማውም መሬት ከመያዝ ይልቅ ይዘላል። ከልክ በላይ ከላላ ደግሞ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ እስከ መጨረሻው ታምቆ ብረት ከብረት የተጋጨ ያህል ድምፅ ያሰማል፤ ፍሬን ሲያዝም አፍንጫው ወደ ታች ይደፋል።

ማስተካከያ ያለው የትኛው ነው?

ከፋብሪካ ተገጥመው የሚመጡ የአብዛኞቹ ፒክአፖችና አይሱዙ የጭነት መኪናዎች አሞርዛተሮች ማስተካከያ የላቸውም። ማስተካከያ የሚገኘው በተለይ ለአስቸጋሪ መንገድ ተሠርተው ለብቻቸው በሚሸጡት እና በአንዳንድ የአገር አቋራጭ ሞተር ሳይክሎች ላይ ነው። በብዙ ሞተር ሳይክሎች የኋላ አሞርዛተር ላይ የሚታየው የሚሽከረከር ቀለበት የሞላውን ቅድመ ጭነት ብቻ ይለውጣል እንጂ የመታመቅ መቋቋምን አይለውጥም። ሁለቱን አለመለየት የተለመደ ስሕተት ነው።

በአንዳንድ አሞርዛተሮች ላይ "ዝግተኛ" እና "ፈጣን" የሚባሉ ሁለት የመታመቅ ማስተካከያዎች አሉ። እነዚህ ቃላት የመኪናውን ፍጥነት ሳይሆን የፒስተኑን ፍጥነት ያመለክታሉ። ፍሬን ሲያዝና ኩርባ ሲታለፍ ፒስተኑ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፤ ጎማ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ግን በፍጥነት ይገፋል። ስለዚህ በጨንቻ ቁልቁለት የመኪናው አፍንጫ መደፋት ካስቸገረ ዝግተኛውን ጥቂት ማጥበቅ፣ በድንጋያማ መንገድ መንገጫገጩ ከበዛ ደግሞ ፈጣኑን ጥቂት ማላላት ተገቢ ነው።

የማስተካከል ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ የጎማ ነፋስ ልክ መሆኑን፣ ባሌስትራው ያልተሰበረና ያልረገበ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ባሌስትራው የረገበ መኪና አሞርዛተሩን በማጥበቅ ቀና አይልም።

ቀጥሎ ማስተካከያውን በሰዓት አቅጣጫ፣ ሳያስገድዱ፣ እስከሚቆምበት ድረስ እያሽከረከሩ የሚሰማውን "ቀጭ" የሚል ድምፅ መቁጠርና በወረቀት መመዝገብ ይገባል። ይህ ቁጥር መነሻው ነው፤ ውጤቱ ካላማረ ወደነበረበት ለመመለስ ያስችላል። በአብዛኞቹ ላይ በሰዓት አቅጣጫ ማዞር ያጠብቃል፤ በተቃራኒው ማዞር ያላላል። ሆኖም የአምራቹን መመሪያ ማየት ይቀድማል።

ከዚያም ወደ መነሻው ተመልሶ በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀጭታ ብቻ መለወጥ፣ በተለመደው ጭነትና በተመሳሳይ መንገድ ላይ መሞከር ነው። የግራና የቀኙ ቁጥር እኩል መሆን አለበት። የመታመቅና የመዘርጋት ማስተካከያዎችን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ ለማወቅ ይቸገራል።

እንክብካቤና የብልሽት ምልክቶች

ጭቃና አቧራ የአሞርዛተር ዋነኛ ጠላቶች ናቸው። በፒስተኑ ዘንግ ላይ የደረቀ ጭቃ የዘይት ማገጃውን ጎማ ይፍቃል፤ ዘይቱም መንጠባጠብ ይጀምራል። ስለሆነም ከጭቃ ጉዞ በኋላ ዘንጉን በውኃ ማጠብና ጭረት እንዳለው ማየት ይጠቅማል። ስስ የዘይት ወዝ መታየቱ ብቻውን ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ ቱቦውን አርሶ የሚወርድ ዘይት ግን የመቀየር ጊዜው መድረሱን ያመለክታል።

የመኪናውን አንድ ጥግ ተጭኖ መልቀቅም ቀላል መፈተሻ ነው፤ ደጋግሞ ከነጠረ አሞርዛተሩ ደክሟል። ከኮረኮንች ጉዞ በኋላ የአራቱን ሙቀት በጥንቃቄ ማነጻጸርም ይረዳል፤ ሌሎቹ ግለው አንዱ ብቻ ከቀዘቀዘ ሥራውን እየሠራ አለመሆኑን ይጠቁማል። የጎማ ፊት በየቦታው ተጎድጉዶ መበላቱ፣ የማሰሪያ ቡሎኖች መላላትና ጎሚኒዎች መሰንጠቅም ትኩረት ይሻሉ።

ሲቀየር በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ በአንድነት መቀየር አለባቸው። ጎሚኒ ያለባቸው ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ላይ ሲቆም ነው፤ በአየር ላይ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ያንጠባጠበ አሞርዛተር ውስጥ የሞተር ዘይት መሙላት መፍትሔ አይደለም፤ ውፍረቱ ስለሚለያይ የቫልቮቹ ሥራ ይዛባል። ጋዝ ያለበትን አሞርዛተር መብሳት፣ መበየድ ወይም በእሳት ማሞቅ ደግሞ ለሕይወት አደገኛ ነው።

በአካባቢው ዋናው ዝናብ ከሚጥልበት ሚያዝያና ግንቦት፣ እንዲሁም ከመስከረምና ጥቅምት ዝናብ በፊት የሚደረግ ምርመራ ከድንገተኛ ብልሽት ያድናል። አምራቹም የማጓጓዣ ዋጋ ሲዋዋል የመኪናውን ሁኔታ ማየቱ፣ ከጭነቱ ሥር የሙዝ ቅጠል በወፍራሙ ማስነጠፉና በኮረኮንቹ ላይ ቀስ ብሎ እንዲነዳ መስማማቱ ምርቱን ከመጥቆር ይታደግለታል።